ብላክስሚዝ ያልሁ ቀን

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የእኛ ቤት ጉድ ግን መስከረምን አሳልፎ ጥቅምት ላይ፣ ያውም በእንግሊዝኛ ነው የመጣው። ያን ቀን የሰማሁትን ዛሬም ሳስታውሰው ክው እላለሁ። ዕድሜ ብዙ ነገር ያለዝባል ይሉኛል። ይህን ግን አላለዘበልኝም፣ እንዲያለዝብልኝም አልፈልግም።

ባሕር ዳር ነው፣ በደርግ ጊዜ። የሰባተኛ ክፍል ልጃገረድ ነበርሁ። አባቴ ሐይቁ ዳር ካሉት ቤተ ክርስቲያኖች በአንዱ መሪጌታ ነበሩና ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ዳዊት አስደግመውኛል። ዳዊት የደገመ ልጅ ማንኛውንም ነገር የሚይዘው በዜማ ነው። የሒሳብ ማባዣውንም፣ የአፍሪካ ዋና ከተሞችንም፣ ኋላ ጉድ ያፈላብኝን እንግሊዝኛም በዳዊቱ የውርድ ንባብ ዜማ ነበር የማጠናው። ወንድሜ ይስቅብኝ ነበር። ይሳቅ፤ እሱ በዝምታ አጥንቶ ከሚያገኘው እኔ አዚሜ የማገኘው ይበልጥ ነበር።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጡ ወጣት ነበሩ። ክፍላቸው ውስጥ አማርኛ አይነገርም። "አማርኛችሁ ውጭ በር ላይ ይጠብቃችኋል፣ ስትወጡ ታገኙታላችሁ" ይሉን ነበር። ቃሉን በአማርኛ አይፈቱልንም፤ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ይሥሉትና ስሙን ይጠሩታል፣ እኛም ተከትለን እንጮኻለን። ያን ሰሞን የያዝነው ምዕራፍ ስለ ጥንት ማሽኖችና ስለ ሠሪዎቻቸው ነበር። ዊል አሉ፣ መንኮራኩር ሣሉ። ሀመር አሉ፣ መዶሻ ሣሉ። ቤሎውስ አሉ፣ ወናፍ ሣሉ፤ የሣሉት ወናፍ ግን ያበጠ ዓሣ መስሎ ከኋላ ያሉት ልጆች ሳቁ። ስቲም ኢንጂን ሲሉ ሰሌዳው አልበቃቸውም፣ ጭሱ ግድግዳው ላይ ወጣ። ኢንቬንተር የሚለውን ግን መሣል አልቻሉም። ጣታቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ትንሽ ቆሙና፣ ከዚያ ባዶ እጃቸውን ዘርግተው የሌለ ነገር እንደሚገጣጥም ሰው አደረጉ። ገባን።

መጽሐፉ ለአንድ ዴስክ አንድ ነበር። ከእኔ ጋር የምትካፈለው ልጅ ከከተማው ውጭ ካለችው ከሰባታሚት በእግሯ የምትመጣ ዝምተኛ ልጅ ናት። ንባቡ ስለ አንድ የፈረንጅ ኢንቬንተር ነበር፤ በልጅነቱ የአባቱን ወናፍ ሲነፋ አድጎ፣ ኋላ ከጉድጓድ ውኃ የሚስብ ኢንጂን የሠራ። አባቱ ማን ነበር? ብላክስሚዝ። መምህሩ ሰውየውን በመዶሻና በእሳት መካከል ሣሉትና፣ እንዲህ ያለ ሰው ያየ አለ ወይ ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁ።

ማን ይመልሳል? በእያንዳንዳችን ቤት ማጭድ አለ፣ ቢላዋ አለ፣ ፍም የምናነሣበት ጉጠት አለ። የሠራውን ሰው ግን አይቻለሁ የሚል የለም። ቀጥቃጭ ማለት ጠይብ ነው፣ ጠይብ ማለት ደግሞ ቡዳ ነው፤ በዓይኑ ሰው ይበላል። ይህን ማንም አላስተማረንም፣ ከእናታችን ጡት ጋር ነው የጠጣነው። ክፍሉ ጭጭ ብሎ ሳለ አጠገቤ ዴስኩ ተንቀሳቀሰ። ልጅቱ ተነሥታ ቆመችና "ማይ ፋዘር ኢዝ ኤ ብላክስሚዝ" አለች፣ ጥርት አድርጋ።

የክፍሉ ልጅ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። አገሩን የማያውቁት መምህር ግን ፊታቸው በራ፤ አባትሽ የዚህ ከተማ የመጀመሪያው ኢንጂነር ናቸው አሉና አጨብጭቡ አሉን። አጨበጨብን። በዚያ ዘመን እኮ እጃችን ከጭብጨባ የሚያርፈው ስንተኛ ብቻ ነበር። እሷ ስትቀመጥ ጉንጯ ቀልቶ ነበር፣ ከደስታ። ያን ፊት ዕድሜ ልኬን አልረሳውም።

ከዚያ ቀን ወዲያ በዕረፍት ሰዓት አጠገቧ የሚቆም ሰው ጠፋ። እኔ ከአጠገቧ አልተነሣሁም። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ መጽሐፉ አንድ ነው፣ ንባቧም ከእኔ ይሻላል። ከነጠላዬ ጫፍ የቋጠርሁትን ቆሎ አብረን እንቆረጥም ነበር። ማታ ለእናቴ ነገርኋት፤ አንዲት ልጅ አባቴ ቀጥቃጭ ነው ብላ ተነሥታ ተጨበጨበላት አልኋት። እናቴ ማማሰያውን ይዛ ቆመችና "የት ነው የምትቀመጠው?" አለችኝ። አጠገቤ አልሁ።

ወንድሜን አስተዋወቅኋችሁ ወይ? ዐሥራ አንደኛ ክፍል ነው፣ ካኪ ይለብሳል፣ የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር ውስጥ ተናጋሪ ነው። በዚያው ሰሞን በቀበሌው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ ቀጥቃጩን ጠይብ፣ ሸክላ ሠሪውን ቡዳ የሚል ሰው የሠርቶ አደሩ ጠላት ነው ብሎ ተናግሮ ነበር። እጁን ሲያወናጭፍ እናቴ በኩራት እንባ አውጥታለች። ይህንን ያዙልኝ።

የዚያ ምዕራፍ ፈተና ሲቃረብ ሐይቁ ዳር ካለው ሾላ ሥር ተቀምጬ ቃላቱን ሳዜም ዋልሁ። ስመለስ ብርድ ብርድ አለኝ። የጣና ዳር ልጅ ወባን አያጣትም፤ መጀመሪያ ጀርባን ትነካለች፣ ከዚያ ጥርስን ታንቀጫቅጫለች፣ ከዚያ እሳት ሆና ትመጣለች። ሲነጋ እናቴም ወባ ናት አለች። ሆስፒታሉ ከበራችን ላይ ቆመን የምናየው ነው፣ አጥሩ ላይ የሚሰጣውን አንሶላ ሳይቀር። ነጠላዋን አንሥታ ነበር፣ ልትወስደኝ።

ያስቀረቻት አክስቷ ናት፤ እኔም አክስቴ ነው የምላት። ለበዓል ከቁንዝላ በጀልባ የመጣች፣ ቤታችን ውስጥ ከታቦት ቀጥላ የምትፈራ ሴት። አባቴ ለክብረ በዓሉ ደሴት ገብተው ስለነበር የቤቱ ሥልጣን በእሷ እጅ ወድቋል። ትኩሳቱ አናቴ ላይ ሲወጣ ቃላቱን ማዜም ጀምሬ ኖሯል፣ ያውም በዳዊቱ ዜማ። አክስቴ ጆሮዋን አቀናች። "ይህ ወባ አይደለም" አለች። "ወባ ታንቀጠቅጣለች እንጂ አታዜምም።"

እናቴ ሆስፒታል የሚለውን ቃል ደግማ ስታነሣ አክስቴ የምትመታበትን ቦታ ታውቃለች። "ቡዳ የበላው ሰው ሳይለቀው መርፌ ከተወጋ ሬሳውን ነው የምትቀበይ። ረሳሽው?" አለቻት። እናቴ አልረሳችውም። ከእኔ በላይ የነበረችው እህቴ መርፌ ተወግታ በማግሥቱ ነው የሞተችው። መርፌው ይግደላት ዘግይተው ይውሰዷት ማንም አያውቅም፤ እናቴ የምታውቀው መርፌውን ብቻ ነው። ነጠላዋን መልሳ ሰቀለችው። የእኔ ነፍስ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በአንድ ነገር ላይ ተንጠለጠለች፦ የበላኝ ሰው ተገኝቶ ካልለቀቀኝ ሐኪም አያየኝም።

ጋቢ አከናነቡኝና ነጭ ሽንኩርትና ጤናዳም፣ ሌላም ስሙን የማላውቀው የሚሰነፍጥ ነገር አጨሱብኝ። ትዝ የሚለኝ ጭሱና የአክስቴ ድምፅ ነው፣ "ማነህ? ማነህ አንተ? ተናገር!" እያለች። እኔ በትኩሳቴ ውስጥ ክፍል ነው ያለሁት። የሚጠይቁኝ መምህሩ መሰሉኝ፤ የሰውየው አባት ማን ነበር እያሉ። የማውቀው ጥያቄ ነው፣ ደስ ብሎኝ መለስሁ። "ብላክስሚዝ።" ደግመው ጠየቁኝ፣ ደግሜ መለስሁ። ቀጥዬም ቤሎውስን፣ ሀመርን፣ ፋየርን በዜማ አወረድኋቸው።

የሚቀጥለውን ኋላ ወንድሜ ነው የነገረኝ። ሲገባ አክስቴ እጁን ይዛ "ይህ ምን ቋንቋ ነው?" ትለዋለች። እንግሊዝኛ ነው ይላታል። "ማነህ ስንለው የሚመልሰው ብላክ... ብላክስሚ የሚለው ምንድን ነው?" ትለዋለች። እሱ ምን ያድርግ፣ የሚያውቀውን ቃል ተጠየቀ። "ቀጥቃጭ ማለት ነው" አላት። "በማን ዓይን ፊት እህል በልታ ነው?" አለች አክስቴ። እናቴ እንደ መርግ ተቀመጠችና "አጠገቧ የምትቀመጥ ልጅ አለች" አለች።

ወንድሜ የመጽሐፉ ቃል መሆኑን ያውቃል። መጽሐፉን እሱም በጊዜው ተምሮበታል፣ ነገ ፈተና እንዳለብኝም ያውቃል። ኋላ ስጠይቀው፣ ስንቱን ዓመት ስጠይቀው፣ አንድ ዓይነት መልስ ነው የሚመልስልኝ፦ "አውቄ ነበር። ግን ቢሆንስ?" ይህ ነው እንግዲህ። የሠርቶ አደር ጠላት ያለው ሁሉ፣ እጁን ያወናጨፈበት ሁሉ፣ "ቢሆንስ" በምትባል ቃል ተገለበጠ። ካኪውን እንደለበሰ ወጣ፣ ልጅቱን ከክፍል አስጠርቶ እየመራችው ሰባታሚት ሄደ።

ወባ መሄድና መምጣት ታውቃለች። እሱ መንገድ ላይ ሳለ አላበኝና አእምሮዬ ተመለሰ። አክስቴና እናቴ የሚያወሩትን ሰማሁ። መጀመሪያ የሰው ወሬ መስሎኝ ነበር፤ ስለ እኔ መሆኑ ሲገባኝ ደነገጥሁና ተነሥቼ ልቀመጥ ሞከርሁ። "እማዬ፣ የፈተና ቃል እኮ ነው። መጽሐፉ ውስጥ አለ፣ አምጪና ላሳይሽ" አልኋት። እናቴ ወደ እኔ ልትመጣ ስትል አክስቴ ያዘቻት። "አየሽው? ጌታው ሊመጣ ሲል ሊሸሽ ነው። እሷ አይደለችም፣ እሱ ነው የሚያናግራት።" እናቴ ዓይኔን አየችው። የምትፈልገው እኔን ነበር፣ እዚያው ፊቷ ተቀምጬ አጣችኝ። እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። አፌ የእኔ አልነበረም። እውነቱን ብናገር የቡዳ ነው፣ ዝም ብል የቡዳ ነው። በገዛ እናቴ ፊት በሕይወት ሳለሁ ምስክርነቴ ተሽሮ ቀረሁ።

ከዚያ ትኩሳቱ ተመለሰ፣ ከፊተኛው ብሶ። አንገቴ ደረቀ፣ እግሬ እንደ እንጨት ሆነ አሉ። የልጅቱ አባት የደረሱት ያን ጊዜ ነው።

አጠር ያሉ፣ ክንዳቸው የወፈረ፣ ጢማቸው ላይ የከሰል ዐመድ ያለ ሰው ናቸው። ደጃፉን አላለፉም። ጭሱ ተገፍቶ ብርሃን ሲገባ ነው ያየኋቸው፤ ከበስተኋላቸው ልጃቸው ደብተሯን በብብቷ ይዛ ቆማለች። አክስቴ ሰላምታም አልሰጠቻቸው። "ትፍ በልባትና ልቀቃት" አለች።

"እኔ ሰው በልቼ አላውቅም፣ እናቴ" አሉ፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። "ይቺ ልጅ ወባ ነው የያዛት። ሆስፒታሉ እኮ እዚህ ነው ያለው። ምን ትጠብቃላችሁ?"

"አንተ እስክትለቃት ነው የምንጠብቅ። ሳትለቃት መርፌ አይነካትም።"

ወንድሜ ጥግ ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል። እናቴ ግን ተነሥታ እግራቸው ላይ ወደቀች፤ የመሪጌታ ሚስት፣ የቀጥቃጭ እግር ላይ። "አባቴ፣ ያለችኝ ሴት ልጅ እሷ ናት። አንዷን ቀብሬያለሁ። ይማሩልኝ" አለቻቸው። ሰውየው እጇን ይዘው ሊያነሷት ፈለጉና እጃቸውን መልሰው ሰበሰቡ፤ እንዳይነኳት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ከንፈሬን፣ ዓይኔን፣ የማይታዘዘኝን እግሬን አዩ። ቀና ብለው በበሩ በኩል ወደ ሆስፒታሉ አዩ። ወደ ኋላ ዞረው ልጃቸውን አዩ፤ እሷን ረዘም አድርገው ነው ያዩዋት።

"ከለቀቅኋት አሁኑኑ ትወስዷታላችሁ?" አሉ።

"እንወስዳታለን" አለች እናቴ።

"ባልሽ በሚያገለግሉት ታቦት ማይልኝ።"

እናቴ ማለች።

"እንግዲያው እኔ ነኝ" አሉ። "እኔ ነኝ የበላኋት። ለቀቅኋት።" ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ትፍ አሉብኝ፤ ምራቅ እንኳ አልነበረውም፣ አፋቸው ደርቆ ነበር። ከዚያ ወንድሜን "ተሸከማት፣ ሩጥ" አሉት።

እኔ ያየሁት ልጅቱን ነው። አላለቀሰችም። ማይ ፋዘር ኢዝ ኤ ብላክስሚዝ ብላ ጉንጯ የቀላው ልጅ፣ አባቷ በላኋት ሲሉ አፏን ከፍታ አየቻቸው። የእኔ ነፍስ በምን እንደተገዛ የዚያን ጊዜ ገባኝ፣ ሻጩም ማን እንደሆነ አየሁ። ጮኼ ውሸት ነው ልል ነበር። ብልስ? እሱ ነው የሚያናግራት ሊባል።

ወንድሜ አዝሎኝ ሮጠ። ነርሷ ክንዴን ስትይዝ ጮኸችበት፦ "የት ነበራችሁ እስካሁን? ከየት አገር ነው የመጣችሁ?" ከማዶ ነን አላላትም። መርፌው ተወጋሁ፣ ኪኒኑን ዋጥሁ፣ ዳንሁ። መድኃኒቱን ግን ማን ያስታውሰዋል? አክስቴ ቁንዝላ እስክትመለስ ድረስ ለጠየቀ ሁሉ፣ ለጎረቤቱም፣ ለማኅበርተኛውም፣ ለጀልባው ተሳፋሪ ሳይቀር፣ "ገና ለቀቅኋት ከማለቱ ዓይኗን ገለጠች" እያለች አወራች። ሐሜት አይደለም እኮ፣ በገዛ አፉ ነው ያመነ። አባቴ ከደሴት ተመልሰው ነገሩን ሲሰሙ እራት ሳይበሉ ተኙ። ሄጄ ሰውየውን ይቅርታ እጠይቃለሁ ሲሉ ሰንብተው ሳይሄዱ ቀሩ።

ክፍል ስመለስ መጽሐፉ የእኔ ብቻ ሆኖ ጠበቀኝ። መምህሩ ባዶውን ቦታ አይተው ልጅቱ የት ሄደች ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁ። ሁላችንም ደብተራችን ላይ አቀረቀርን። ምናልባት ቃሉ ጠፍቶን ይሆናል ብለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ "እሺ፣ በአማርኛ ንገሩኝ" አሉን። በአማርኛም የተናገረ የለም። ፈተናውን ለብቻዬ ፈተኑኝ።

ያገኘኋት ኅዳር ላይ ነው፣ አጨዳ ሲደርስ፣ ቅዳሜ ገበያ። እናቴ ጨው ተራ ስትከራከር ሹልክ ብዬ ወደ ዳር ሄድሁ። ቀጥቃጮቹ የሚቀመጡት ከሰው ራቅ ብለው ከቆርቆሮው አጥር ሥር ነው። ሰውየው ማጭድና ማረሻ ዘርግተዋል፣ ልጅቱ አጠገባቸው ናት። ሲያዩኝ ደነገጡ። እኔ ብቻ ነኝ የምደነግጠው ብዬ ነበር፤ እሳቸው ከእኔ ብሰው ደነገጡ።

"ዳንሽ?" አሉኝ፣ መሬቱን እያዩ።

"ድኛለሁ፣ አባባ። እግዜር ይስጥልኝ" አልሁ። ስንት ነገር ልል አስቤ የመጣሁ ሰው ይህችን ብቻ አልሁ። ወደ ልጅቱ ዞሬ ለምን አትመጪም፣ መምህሩ ጠይቀውሻል፣ ነይ እንጂ አልኋት።

"አንድ ልጅ ባመመው ቁጥር አባቴን ሊጠሩት?" አለች። ተቆጥታ አይደለም፣ ነገሩን ስትነግረኝ ነው። አንዱን ማጭድ አንሥታ በጨርቅ ወለወለችውና፣ "ፈተናው ምን ወጣ?" አለችኝ።

ነገርኋት። ስዕሉን፣ ክፍት ቦታውን፣ ትርጉሙን፣ አንድ በአንድ። እያንዳንዱን ስነግራት መልሱን በሹክሹክታ ትመልሳለች፤ ዊል ትላለች፣ ኢንቬንተር ትላለች፣ አንዱንም አልሳተችም። አባቷ ወዲያና ወዲህ አዩ። ሰው በእኛ በኩል እየመጣ ነበር።

"ምንድን ነው የምታወሩት?" አሉ።

"የትምህርት ነገር ነው፣ አባዬ።"

"እንግዲያው ቶሎ ጨርሱ፤ ሰው ሳያያችሁ" አሉን። ከዚያ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ የሚል ሰው እንዳይኖር ጀርባቸውን ሰጡንና፣ እኛ እስክንጨርስ ድረስ ፊታቸውን ወደ ቆርቆሮው አዙረው ቆሙ።